ቅይጥ ማይክሮግሪድ

ቅይጥ ማይክሮግሪድ ከሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ምንጮች (ለምሳሌ ከፀሐይ፣ ከአነስተኛ ወንዝ፣ ከነፋስና ከናፍጣ ጀነሬተር) ኤሌክትሪክ እያመነጨ፣ ትርፉን በባትሪ እያጠራቀመ፣ በአንድ አካባቢ ለሚገኙ ተጠቃሚዎች የሚያከፋፍል አነስተኛ የኤሌክትሪክ መረብ ነው። ከብሔራዊው የኃይል ቋት ጋር ተገናኝቶ ወይም ከቋቱ ተነጥሎ ሊሠራ ይችላል። ከቋቱ ርቆ ለብቻው የሚሠራው ዓይነት በኢትዮጵያ በአብዛኛው «ሚኒግሪድ» ተብሎ ይጠራል።

«ቅይጥ» የተባለው አንዱ ምንጭ ሲደክም ሌላው እንዲተካው ሆኖ ስለሚነደፍ ነው። ፀሐይ ማታ የለችም፤ በክረምት ደመና ትደበዝዛለች። ወንዝ በበጋ ይቀንሳል፤ ናፍጣም በገንዘብ የሚገዛና ከሩቅ የሚጓጓዝ ነው። በመሆኑም በንድፍ ጊዜ የሚጠየቀው ስንት ኪሎዋት ይመንጭ የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ በየትኛው ወርና በየትኛው ሰዓት የትኛው ምንጭ የትኛውን ተጠቃሚ ይሸከማል የሚለውም ነው።

በዚህ ጽሑፍ ዓመተ ምሕረቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።

የሐሳቡ አመጣጥ

ኤሌክትሪክ ሲጀመር ሁሉም መረብ አነስተኛና ለብቻው የቆመ ነበር። በኢትዮጵያም ብሔራዊው ቋት ከመስፋፋቱ በፊት ብዙ ከተሞች መብራት ያገኙት ከራሳቸው የናፍጣ ጀነሬተር ነው። የቀድሞው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን አውታሩን በሁለት ይከፍል ነበር። አንዱ ትላልቆቹን የውሃ ኃይል ማመንጫዎች ያስተሳሰረው ሥርዓት፣ ሌላው ተነጥለው የቆሙ ከተሞችን የሚያገለግለው ሥርዓት ነው። በሁለተኛው ውስጥ ከናፍጣ ጀነሬተሮች ጋር እንደ ሶር (5 ሜጋዋት)፣ ደምቢ (0.8 ሜጋዋት) እና ያዶት (0.35 ሜጋዋት) ያሉ አነስተኛ የውሃ ማመንጫዎች ይገኙ ነበር።

ዛሬ ማይክሮግሪድ የሚባለው በራሱ መቆጣጠሪያ የሚመራ መረብ በሳይንሳዊ ጽንሰ ሐሳብነት የተቀረጸው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው። በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲው ሮበርት ላሴተርና ባልደረቦቹ ምንጮችንና ተጠቃሚዎችን እንደ አንድ አካል አድርጎ ከዋናው መረብ ሊነጠል የሚችል ሥርዓት አቀረቡ። በማርች 2011 በጃፓን የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የሐሳቡን ጥቅም በተግባር አሳየ። ዋናው መረብ ሲቋረጥ በሴንዳይ ከተማ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የነበረው ማይክሮግሪድ ለሕክምና ተቋም ኃይል ማቅረብ ችሏል። በስፔን የኤል ሂየሮ ደሴት ደግሞ ከ2014 ጀምሮ ነፋስንና ወደ ላይ የሚሳብ ውሃን ያጣመረ ሥርዓት እየሠራ ይገኛል።

ኢትዮጵያና ከቋት ውጪ ያለው ኃይል

በኢትዮጵያ ከቀደሙት የፀሐይ መረቦች አንዱ በ1985 በመካከለኛው ኢትዮጵያ በሚቶ መንደር የተተከለው 10.5 ኪሎዋት ሥርዓት ነው፤ በ1989 ወደ 30 ኪሎዋት አድጓል። በአማራ ክልል ደግሞ በሰሜን ሸዋ የምትገኘው ሬማ መንደር በ2000ዎቹ በየቤቱ በተተከሉ አነስተኛ የፀሐይ መሣሪያዎች ትታወቃለች። የሬማው አሠራር ማይክሮግሪድ አይደለም፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ሰሌዳና ባትሪ አለው። መብራትና ሬዲዮ ለማሠራት ይበቃል፤ ወፍጮ ለማዞር ግን አይበቃም። በሲዳማም እንደ ጎበቾ፣ ኤረርቴና ሐጋራ ሶዲቻ ባሉ ቦታዎች ለገጠር ነዋሪዎች ትንንሽ የውሃ ማመንጫዎች ተሠርተዋል።

መንግሥት በ2017 ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም አወጣ። በ2019 የተሻሻለው ሁለተኛው ዕትም በ2025 ለሁሉም ዜጋ ኤሌክትሪክ ለማድረስ ሲያቅድ፣ 65 በመቶውን በዋናው ቋት፣ 35 በመቶውን ከቋት ውጪ በሆኑ መንገዶች ለመሸፈን አስቦ ነበር። በዚሁ ማዕቀፍ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በ12 ቦታዎች የፀሐይ ሚኒግሪዶችን በሙከራ መልክ መገንባት ጀመረ። ከእነዚህ አንዱ በደቡብ ኦሞ በኦሞራቴ የተተከለው 375 ኪሎዋት የፀሐይ ማመንጫ ነው።

ወግዲ፣ መካነ ሰላምና የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ

በአማራ ክልል በደቡብ ወሎ ዞን የሚገኙት ወግዲ፣ ቦረና (ዋና ከተማው መካነ ሰላም) እና አጎራባች ወረዳዎች ለንድፍ አስተማሪ የሆነ መልክዓ ምድር አላቸው። ከፍ ያለው ደጋ ወደ ምዕራብ ሲሄድ በአባይ ሸለቆ ተቆርጦ ይወርዳል፤ ከሸለቆው ማዶ ምሥራቅ ጎጃም ነው። መንደሮቹ በገደልና በጅረት የተለያዩ በመሆናቸው የ15 ወይም የ33 ኪሎቮልት ማከፋፈያ መስመር ለጥቂት ቤቶች ብሎ ገደል ማሻገር ውድ ነው። መስመሩ ቢዘረጋም ረዥምና ብቸኛ ስለሚሆን አንድ ምሰሶ ሲወድቅ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ይጨልማል።

የወሎ ሰው የመስመር ጥገኝነትን በከባድ ሁኔታ ያየው በ2021 ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት የኃይል መሠረተ ልማት ተጎድቶ በሰሜንና በደቡብ ወሎ በርካታ ከተሞች ኤሌክትሪክ አጥተዋል። መብራት ሲጠፋ የውሃ ፓምፕ ይቆማል፤ ወፍጮ ይቆማል፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ ያለበት ክትባትም ለብልሽት ይጋለጣል። ስለዚህ ማይክሮግሪድ ቋት ላልደረሰበት መንደር ብቻ ሳይሆን፣ ቋት ደርሶበት መብራት ለሚቆራረጥበት ሆስፒታልና ከተማም የሚታሰብ መፍትሔ ነው።

የደጋው ጠባይ በመሣሪያዎቹ ላይ ቀጥተኛ ተጽዕኖ አለው፦

- በ2,600 ሜትር ከፍታ የአየር ጥግግት በባሕር ወለል ካለው ወደ 77 በመቶ ዝቅ ይላል። አንድ ዓይነት ፍጥነት ያለው ነፋስ የሚሰጠው ኃይልም በዚያው መጠን ይቀንሳል።
- ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ የሚሆን አቅም ያጣል። በወረቀቱ 50 ኪሎዋት የሚል ጀነሬተር በደጋ ላይ 50 አይሰጥም።
- የፀሐይ ሰሌዳ በተቃራኒው ቅዝቃዜ ይስማማዋል። ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ምርቱ ወደ 0.4 በመቶ ይሻሻላል።
- መብረቅ በደጋው የተለመደ ስለሆነ የመሬት ሽቦና የመብረቅ መከላከያ ከመጀመሪያው በንድፉ ውስጥ መግባት አለባቸው።
- ክረምት (ከሰኔ እስከ መስከረም) ደመና ይበዛል፤ በዚያው ወቅት ግን ጅረቶች ይሞላሉ። ፀሐይና አነስተኛ ውሃ የሚደጋገፉት በዚህ ምክንያት ነው።

የንድፍ አካሄድ

ንድፍ የሚጀምረው ከሰሌዳ ቁጥር ሳይሆን ከፍላጎት ጥናት ነው። ማን፣ ምን ያህል፣ በስንት ሰዓት ይጠቀማል የሚለው ካልታወቀ ሥርዓቱ ወይ ያንሳል ወይ በከንቱ ይተልቃል። ቀጥሎ ያለው ስሌት ለማስረዳት ብቻ የቀረበ ምሳሌ ነው። 250 አባወራ፣ አንድ ጤና ጣቢያና ሁለት ወፍጮ ያላት አንዲት የደጋ መንደር ትታሰብ።

- ቤቶች፦ 250 × 0.6 = 150 ኪሎዋት ሰዓት በቀን
- ሁለት ባለ 15 ኪሎዋት ወፍጮዎች፣ በ80 በመቶ ጭነት ለ5 ሰዓት፦ 120 ኪሎዋት ሰዓት
- ባለ 5.5 ኪሎዋት የውሃ ፓምፕ ለ6 ሰዓት፦ 33 ኪሎዋት ሰዓት
- ጤና ጣቢያ፦ 20 ኪሎዋት ሰዓት
- ትምህርት ቤት፣ ሱቆችና የመንገድ መብራት፦ 37 ኪሎዋት ሰዓት

ድምሩ 360 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በሽቦ፣ በባትሪና በኢንቨርተር የሚባክነው 12 በመቶ ገደማ ሲታሰብ መመንጨት ያለበት ወደ 410 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል።

አማካዩ የፀሐይ ጨረር በካሬ ሜትር 5.5 ኪሎዋት ሰዓት በቀን፣ የሥርዓቱ ብቃት ደግሞ 75 በመቶ ነው ቢባል፣ አንድ ኪሎዋት ሰሌዳ በቀን 4.1 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል። ስለዚህ 100 ኪሎዋት ሰሌዳ ይበቃል። ይህ ግን በአማካይ ነው። በክረምት ጨረሩ ወደ 3.8 ቢወርድ ምርቱ 285 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ይሆንና በየቀኑ 125 ኪሎዋት ሰዓት ይጎድላል። ጉድለቱን ለመሙላት ሦስት አማራጮች አሉ።

የመጀመሪያው ሰሌዳውን ወደ 145 ኪሎዋት ማሳደግ ነው፤ ያኔ በበጋ ብዙ ኃይል ይተርፋል። ሁለተኛው ናፍጣ ነው። አንድ ኪሎዋት ሰዓት ለማመንጨት 0.33 ሊትር ቢያስፈልግ በቀን 41 ሊትር፣ በሦስት ወር ወደ 3,700 ሊትር ይቃጠላል። ናፍጣው መድረስ ያለበትም መንገዱ በጭቃ በሚበላሽበት ወቅት ነው። ሦስተኛው ጅረት ነው። በሰከንድ 60 ሊትር ውሃ ከ25 ሜትር ከፍታ ቢወርድና የተርባይኑና የጀነሬተሩ ጥምር ብቃት 60 በመቶ ቢሆን፣ የሚገኘው ኃይል 9.81 × 0.06 × 25 × 0.6 = 8.8 ኪሎዋት ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ቀንና ሌሊት ስለሚሠራ በቀን 212 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል፤ ይህም ከክረምቱ ጉድለት ይበልጣል።

የባትሪው መጠን የሚወሰነው በሌሊቱ ፍጆታ ነው። ለሌሊት 150 ኪሎዋት ሰዓት፣ ለጤና ጣቢያው የሁለት ቀን መጠባበቂያ 40 ኪሎዋት ሰዓት ቢመደብ ድምሩ 190 ነው። የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር 80 በመቶው ብቻ ቢወሰድና ሲወጣ 5 በመቶ ቢባክን፣ የሚገዛው ባትሪ 250 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። በእርሳስ አሲድ ባትሪ ቢሆን በተለምዶ ግማሹ ብቻ ስለሚወሰድ ወደ 400 ኪሎዋት ሰዓት ይጠጋል።

ንድፉን የሚፈትኑ ሁለት የቤትና የመንደር ዕቃዎች

አንዱ ወፍጮ ነው። ባለ 15 ኪሎዋት ሞተር በቀጥታ ሲነሳ ከመደበኛው ስድስት እጥፍ የሚደርስ ፍሰት ይስባል፤ ይህም ለቅጽበት ወደ 120 ኪሎቮልት አምፔር ነው። በ60 ኪሎዋት ኢንቨርተር ላይ ይህ ሲሆን ቮልቴጁ ይወድቃል፤ መንደሩም ይጨልማል። ሞተሩን በዝግታ የሚያስነሳ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ከተገጠመለት ግን የመነሻው ፍሰት ከመደበኛው ብዙም አይበልጥም። አንድ መሣሪያ መጨመር ኢንቨርተሩን በእጥፍ ከማሳደግ ይረክሳል።

ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። አንድ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይወስዳል። በምሳሌው መንደር የማታ ከፍተኛ ፍላጎት ለአንድ ቤት 150 ዋት ታስቦ 37.5 ኪሎዋት ነው። አሥር ቤቶች በአንድ ጊዜ እንጀራ ቢጋግሩ 35 ኪሎዋት ይጨምራሉ፤ ማለትም አሥር ምጣዶች ከ250 ቤቶች የማታ ፍጆታ ጋር ይስተካከላሉ። መፍትሔው መከልከል ብቻ አይደለም። ፀሐይ በምትበረታበት ከረፋዱ እስከ ከሰዓት በኋላ በተራ የሚጋገርበት የጋራ መጋገሪያ ቤት ማቋቋም፣ ወይም በቆጣሪው አማካይነት ቀን ላይ ዋጋውን መቀነስ ይቻላል።

የቁጥጥር ሥርዓት

በኢትዮጵያ መደበኛው ፍሪኩዌንሲ 50 ኸርዝ ሲሆን ለቤት የሚደርሰው ቮልቴጅ 220 ነው። በትልቁ ቋት ውስጥ የግዙፍ ተርባይኖች ክብደት ድንገተኛ ለውጥን ያለዝባል። በፀሐይና በባትሪ በሚሠራ ማይክሮግሪድ ውስጥ ግን የሚሽከረከር ክብደት የለም፤ ወይም በጣም ጥቂት ነው። ሚዛኑ በሺሕኛ ሰከንዶች ውስጥ በኤሌክትሮኒክስ መጠበቅ አለበት።

ኢንቨርተሮች በሁለት ይከፈላሉ። መረብ መሥራች የሚባለው ቮልቴጁንና ፍሪኩዌንሲውን ራሱ ይፈጥራል፤ ብዙውን ጊዜ ይህ ከባትሪው ጋር የተያያዘው ነው። መረብ ተከታይ የሚባለው የተፈጠረውን ቮልቴጅ እየተከተለ ኃይል ያስገባል፤ መሥራቹ ከሌለ ይቆማል። ፀሐይ እየወጣች መብራት የማይኖርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ቁጥጥሩ በተለምዶ በሦስት እርከን ይደራጃል።

አንደኛ እርከን፦ እያንዳንዱ ኢንቨርተር ያለ መገናኛ መስመር ጭነቱን የሚካፈልበት ነው። የተለመደው ዘዴ ድሩፕ ይባላል፤ ጭነት ሲጨምር ፍሪኩዌንሲው በጥቂቱ ዝቅ እንዲል ይደረጋል። ባለ 60 እና ባለ 30 ኪሎዋት ሁለት ኢንቨርተሮች ያለ ጭነት በ50፣ በሙሉ ጭነት በ49 ኸርዝ እንዲሠሩ ቢስተካከሉና የመንደሩ ጭነት 45 ኪሎዋት ቢሆን፣ ፍሪኩዌንሲው 49.5 ላይ ይረጋል፤ አንዱ 30፣ ሌላው 15 ኪሎዋት ይሸከማል። ሁለቱ ሳይነጋገሩ እንደ አቅማቸው ተካፈሉ ማለት ነው።

ሁለተኛ እርከን፦ በአንደኛው እርከን የወረደውን ፍሪኩዌንሲና ቮልቴጅ በሰከንዶች ውስጥ ወደ 50 ኸርዝና 220 ቮልት ይመልሳል።

ሦስተኛ እርከን፦ በደቂቃዎችና በሰዓታት የሚታሰብ የኃይል አስተዳደር ነው። ባትሪው መቼ ይሞላ፣ ጀነሬተሩ መቼ ይነሳ፣ ወፍጮው በስንት ሰዓት ይሥራ የሚሉትን ይወስናል። የናፍጣ ጀነሬተር ከአቅሙ 30 በመቶ በታች ለረዥም ጊዜ ሲሠራ ውስጡ በጥላሸት ስለሚጎዳ፣ ጥሩ መቆጣጠሪያ ጀነሬተሩን ካስነሳ በደንብ ያሠራዋል፤ ትርፉንም ወደ ባትሪው ይልካል።

ትርፍ ኃይልም ችግር ነው። ባትሪው ሞልቶ ፀሐይ ስትበረታ፣ መሥራቹ ኢንቨርተር ፍሪኩዌንሲውን ሆን ብሎ ከ50 በላይ ከፍ ያደርጋል፤ የፀሐይ ኢንቨርተሮቹም ይህን ምልክት አይተው ምርታቸውን ይቀንሳሉ። በአነስተኛ የውሃ ማመንጫ ላይ ደግሞ ትርፉ ውሃ ወደሚያሞቅ የማባከኛ ተከላካይ ይላካል፤ አለበለዚያ ተርባይኑ ከልኩ በላይ ይሽከረከራል።

ከቋት ጋር መገናኘትና መነጠል

ቋት ጋር የተገናኘ ማይክሮግሪድ መብራት ሲጠፋ ራሱን ነጥሎ ይቀጥላል። በሚነጠልበት ጊዜ ወደ ዋናው መስመር አንዳች ኃይል ማስገባት የለበትም፤ መስመሩ ሞቷል ብሎ የወጣ የጥገና ሠራተኛ ሊሞት ይችላል። ቋቱ ሲመለስ ደግሞ የቮልቴጅ መጠን፣ ፍሪኩዌንሲና የሞገዱ አቀማመጥ ከቋቱ ጋር እስኪገጥሙ ሳይጠበቅ ማብሪያው ከተዘጋ መሣሪያ ይቃጠላል። ይህን የሚገዙ ዓለም አቀፍ መመዘኛዎች አሉ። በ2017 የወጣው አይትሪፕልኢ 2030.7 ለማይክሮግሪድ መቆጣጠሪያ፣ አይትሪፕልኢ 1547 ደግሞ ከመረብ ጋር ለሚገናኙ አነስተኛ ማመንጫዎች መነሻ ናቸው።

ከአደጋ መከላከልም በማይክሮግሪድ ለየት ይላል። በቋት ላይ ሽቦ ሲነካካ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ የሆነ ፍሰት ስለሚያልፍ ፊውዝ ወዲያው ይቃጠላል። ኢንቨርተር ግን ከአቅሙ ከ1.2 እስከ 2 እጥፍ ብቻ ስለሚሰጥ ፊውዙ ላይነካ ይችላል፤ የወደቀው ሽቦም ኃይል እንዳለው ይቆያል። ስለዚህ የቮልቴጅ መውደቅን የሚያዩ ወይም የሚገባውንና የሚወጣውን ፍሰት የሚያነጻጽሩ መከላከያዎች ያስፈልጋሉ።

አስተማማኝነት

አስተማማኝነት የሚለካው ተጠቃሚው በዓመት ስንት ጊዜና ለስንት ሰዓት መብራት አጣ በሚለው ነው። 99 በመቶ አስተማማኝነት ከፍ ያለ ይመስላል፤ ሲሰላ ግን በዓመት 87.6 ሰዓት ጨለማ ነው። ለሱቅ ይህ ሊታገሥ ይችላል፤ ለማዋለጃ ክፍል ግን አይቻልም።

ሁሉንም ተጠቃሚ በ99.9 በመቶ ለማገልገል መሞከር ዋጋውን ከአቅም በላይ ያደርገዋል። የተሻለው መንገድ ጭነትን በደረጃ መክፈል ነው። በምሳሌው መንደር ጤና ጣቢያው፣ የክትባት ማቀዝቀዣውና የመገናኛ ማማው አንደኛ ደረጃ፣ የቤት መብራትና የውሃ ፓምፕ ሁለተኛ፣ ወፍጮና መጋገሪያ ሦስተኛ ይሆናሉ። ባትሪው ሲያንስ መቆጣጠሪያው ከሦስተኛው ጀምሮ ይቆርጣል። ይህ እንዲሆን የመንደሩ ሽቦ ከመጀመሪያው በተለያዩ መስመሮች መዘርጋት አለበት፤ በአንድ መስመር ላይ የተቀላቀለን ጭነት በኋላ መለየት አስቸጋሪ ነው።

በተግባር የሚያጋጥሙ ችግሮች

ከዓመታት በኋላ ማይክሮግሪድን የሚያቆመው ብዙውን ጊዜ ከባድ ቴክኒክ ሳይሆን ጥቃቅን ነገር ነው። አቧራ የሸፈነው ሰሌዳ፣ የላላ ማሰሪያ፣ ከውጭ መምጣት ያለበት የኢንቨርተር መለዋወጫ፣ ወይም ባትሪ ሲያረጅ ለመተካት ያልተጠራቀመ ገንዘብ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ታሪፉ የዕለት ሥራውን ብቻ ሳይሆን ባትሪውን የመተካት ወጪ መሸፈን አለበት፤ ካልሸፈነም ድጎማው ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ መታወቅ ይኖርበታል። በአካባቢው የሠለጠነ ሰው መኖሩም ወሳኝ ነው።

ሌላው ጥያቄ ቋቱ በኋላ ሲመጣ ምን ይሆናል የሚለው ነው። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በሴፕቴምበር 2025 መመረቅ የሀገሪቱን የማመንጨት አቅም ከፍ ቢያደርግም፣ ማመንጨትና ማድረስ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ በአባይ ሸለቆ ዳር ያለ መንደር የሚፈልገው መስመሩን ነው። የማይክሮግሪዱ ምሰሶ፣ ሽቦና ቆጣሪ በሀገሪቱ መመዘኛ ከተሠሩ ቋቱ ሲደርስ አይጣሉም። መረቡ ከቋቱ ጋር ይያያዛል፤ ሰሌዳውና ባትሪው ደግሞ መብራት በጠፋ ጊዜ ጤና ጣቢያውን የሚሸከሙ መጠባበቂያ ሆነው ይቀጥላሉ።